የጎደሉት ደቂቃዎች፦ የቀድሞ ዘመን የሕፃናት ቴሌቪዥን ዝግጅቶች ተቆርጠው የሚቀርቡበት ምክንያት

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ከ40 እና ከ50 ዓመታት በፊት የተሠሩ የሕፃናት የቴሌቪዥን ዝግጅቶች ዛሬ ስትሪሚንግ በሚባለው የኢንተርኔት ሥርጭት አማካይነት እንደገና ለሕዝብ በመቅረብ ላይ ይገኛሉ። በልጅነቱ ያያቸው ሰው አሁን ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ሲመለከታቸው ግን አልፎ አልፎ ግር የሚለው ነገር ያጋጥመዋል። የሚያስታውሰው ዘፈን የለም፤ ወይም ዘፈኑ የሚጠበቅበት ቦታ ሲደርስ ትዕይንቱ ዘሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል፤ ወይም ከተከታታዩ አንዱ ክፍል እስከነጭራሹ ጠፍቷል። ስለ መጉደሉ የሚናገር ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ተመልካቹም የገዛ ትዝታውን እስከ መጠራጠር ይደርሳል።

ለዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚሰጠው ፍች «ሳንሱር ነው» የሚል ነው። ፍቹ ፈጽሞ ሐሰት ባይሆንም ከእውነቱ ጥቂቱን ብቻ ይይዛል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ከመቀሱ በስተጀርባ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው በጊዜው በሚገባ ያልተጻፈ ውል፣ ያልተመዘገበ ቴፕ፣ ተነጣጥሎ ያልተቀመጠ ድምፅ ነው። እነዚህም ሦስቱ በመሐንዲሱና በቴክኒክ ባለሙያው የሥራ ክልል ውስጥ የሚወድቁ በመሆናቸው፣ ጉዳዩ ለዚህ ማኅበር አባላት ከትዝታ ወግ ያለፈ ቁም ነገር አለው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት፣ «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

1. ዝግጅቶቹ የተገነቡበት መንገድ

ለነገሩ መነሻ የሚሆነው የዝግጅቶቹ አሠራር ነው። በአሜሪካ «ሰሰሚ ስትሪት» የተባለው ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ የተላለፈው ኅዳር መግቢያ ላይ፣ በኖቬምበር 10 ቀን 1969 ነበር። መሥራቾቹ ጆን ጋንዝ ኩኒና ሎይድ ሞሪሴት፣ ሕፃናት የንግድ ማስታወቂያዎችን በቀላሉ በቃላቸው እንደሚይዙ ተገንዝበው፣ ፊደልና ቁጥርም በዚያው መንገድ ሊማሩ ይችላሉ የሚል አሳብ ይዘው ተነሡ። ስለዚህ የአንድ ሰዓቱ ዝግጅት አንድ ወጥ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ፣ በመንገዱ ላይ ከሚታዩት ተዋንያን ትዕይንት መካከል የአሻንጉሊት ጨዋታ፣ የሥዕል ፊልምና አጭር ዘጋቢ ፊልም የተሰገሰጉበት ስብስብ ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 130 የአንድ ሰዓት ክፍሎች ተሠርተዋል። ይህን ያህል ሰዓት ለመሙላት ብዙዎቹ አጫጭር ፊልሞች በልዩ ልዩ የፊልም ሠሪዎች እጅ የተዘጋጁ ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ዛሬ በዚህ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ በሌላ ክፍል ውስጥ እየተደጋገመ ይታይ ነበር።

በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ እንዲህ ያለው ዝግጅት ክፍሎቹ ከልዩ ልዩ አቅራቢዎች መጥተው የተገጣጠሙበትን መኪና ይመስላል። መኪናው አንድ ነው፤ የእያንዳንዱ ዕቃ ባለቤትና የዋስትና ወረቀት ግን የተለያየ ነው። ከዚህ አሠራር ሁለት ውጤቶች ይከተላሉ። አንደኛው፣ ዝግጅቱ እንደገና በሚወጣበት ጊዜ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለየብቻ ፈቃድ መጠየቅ የግድ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ቁራጮቹ እርስ በርስ በታሪክ ያልተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱን ማውጣት እጅግ ቀላል ነው። ከድራማ መካከል ሁለት ደቂቃ ቢወጣ ታሪኩ ይናጋል፤ ከእንዲህ ያለው ስብስብ መካከል ሁለት ደቂቃ ቢወጣ ግን ዝግጅቱን ከዚህ ቀደም ያላየ ሰው አያውቀውም። የሕፃናት ዝግጅቶች ከሌሎቹ ይልቅ በቁራጭ በቁራጭ የሚጎድሉት አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

2. ቴፑ

ሁለተኛው ምክንያት ከቴፑ ከራሱ ይነሣል። አምፔክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለሥርጭት ሥራ የሚያገለግለውን የምስል መቅረጫ መሣሪያ ይፋ ያደረገው በ1956 ነበር። የቴፑ ስፋት ሁለት ኢንች፣ ማለትም አምስት ሴንቲሜትር ያህል፣ ፍጥነቱም በሴኮንድ 38 ሴንቲሜትር ግድም ሲሆን፣ አንድ ሰዓት የሚይዘው ጥቅል በዚያን ጊዜ ዋጋ 300 ዶላር ያህል ያወጣ ነበር። የቴፑ ትልቁ ጥቅምም ተደምስሶ እንደገና መቀረጽ መቻሉ ነበር። በዚህም የተነሣ በብዙ ጣቢያዎች የቴፕ ቤቱ ኃላፊ ትጋት የሚለካው ባስቀመጠው ሳይሆን ባስለቀቀው ቴፕ ብዛት ሆነ።

የእንግሊዙ ቢቢሲ ያደረገው ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከ1963 ጀምሮ ለቤተሰብ፣ በተለይም ለልጆች ይቀርብ ከነበረው «ዶክተር ሁ» ከተባለው ተከታታይ ዝግጅት የ1960ዎቹ ቴፖች ከ1967 እስከ 1978 ባሉት ዓመታት ተደመሰሱ፤ አብዛኞቹ የፊልም ቅጂዎችም ተጣሉ። ከተረፉት መካከል ለውጭ አገር ጣቢያዎች በፊልም ተገልብጠው የተሸጡ ቅጂዎች ይገኛሉ። በ2013 ናይጄሪያ ውስጥ በጆስ ከተማ ከሚገኝ የቴሌቪዥን ጣቢያ ዘጠኝ ክፍሎች ተገኝተው ለሕዝብ መቅረባቸው ይፋ ሆኗል። የለንደኑ ማኅደር ያጠፋውን የአፍሪካ ጣቢያ መደርደሪያ ጠብቆት ነበር ማለት ነው።

ያልተደመሰሰው ቴፕም ቢሆን ዕድሜ አለው። በተለይ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከተሠሩት ቴፖች አንዳንዶቹ የማግኔቱን ብናኝ ከፕላስቲኩ ጋር የሚያያይዘው ማጣበቂያ ከአየሩ እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል፤ ቴፑም በማጫወቻው ራስ ላይ ይጣበቃል። ባለሙያዎች ይህን ቴፕ በ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግድም በሆነ ሙቀት ለሰዓታት አድርቀው ለጊዜው እንዲጫወት ያደርጉታል፤ ያችን አጭር ጊዜ ተጠቅሞ መገልበጥ ያስፈልጋል። ከአንድ ሰዓት ቴፕ ውስጥ ሦስት ደቂቃ የማይነበብ ሆኖ ከተገኘ፣ ያ ሦስት ደቂቃ ማንም ሳይፈርድበት ተቆርጦ ቀረ።

3. ውሉ

የሚዳሰስ ቴፕ ተገኝቶና ተነብቦ እንኳ ትልቁ መሰናክል ከዚህ በኋላ ይመጣል፤ ይኸውም ሙዚቃው ነው። አንድ ዘፈን በቴሌቪዥን ዝግጅት ውስጥ ሲገባ የሦስት ዓይነት ፈቃድ ጉዳይ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው ዜማውንና ግጥሙን ከምስል ጋር አጣምሮ የመቅረጽ ፈቃድ ሲሆን፣ ይህን የሚሰጠው ደራሲው ወይም አሳታሚው ነው። ሁለተኛው፣ ድምፁ ከሸክላ የተወሰደ እንደ ሆነ፣ የሸክላው ባለቤት ፈቃድ ነው። ሦስተኛው ለሕዝብ የማሰማት ፈቃድ ነው፤ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይህን አብዛኛውን ጊዜ ከደራስያን ማኅበራት ጋር በሚያደርጉት የጅምላ ውል ያገኙታል።

በ1970ዎቹ ውል የሚጽፉ ሰዎች የሚያውቁት ዓለም ጠባብ ነበር። ዝግጅቱ በአየር ይተላለፋል፤ ምናልባት ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ያበቃል። ስለ ቪዲዮ ካሴት፣ ስለ ዲቪዲ፣ ከዚያም አልፎ በስልክ ላይ ስለሚታይ ፊልም ያሰበ ሰው ጥቂት ነበር። ስለዚህ ፈቃዱ የተገዛው ለአየር ሥርጭት ብቻ፣ ለተወሰነ ዓመትና ለተወሰነ አገር ሆኖ ቀረ። ዝግጅቱ በኢንተርኔት ሲወጣ ሁሉም እንደ አዲስ መደራደር አለበት።

የአሜሪካ ሕግም ይህን ሁኔታ የሚያጎላ ድንጋጌ ይዟል። በ1976 የወጣውና ከጃንዋሪ 1 ቀን 1978 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የቅጂ መብት ሕግ፣ የንግድ ባሕርይ የሌላቸው የሕዝብ ጣቢያዎች በትምህርታዊ ዝግጅቶቻቸው ውስጥ በሸክላ የተቀረጸ ድምፅን የሸክላውን ባለቤት ሳያስፈቅዱ እንዲጠቀሙበት ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ቅጂዎቹ ለንግድ ወደ ሕዝብ እንዳይሠራጩ ገደብ አድርጓል። ሕጉ ለትምህርት የታሰበ ቸርነት ነበር። ነገር ግን በዚህ ቸርነት የተጠቀመ አንድ የሕፃናት ዝግጅት ከዓመታት በኋላ ለሽያጭ ሲዘጋጅ፣ በነፃ የገባው ሙዚቃ ሁሉ መንገድ ዘጊ ይሆናል።

የአንድ ውል ቃላት ምን ያህል እንደሚወስኑ ሁለት የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ያስረዳሉ። በ1969 ሄርበርት ኮኸን የተባለው የመብት ባለቤት አንድ ዘፈን በፊልም ውስጥ እንዲገባና ፊልሙም በቴሌቪዥን እንዲታይ ፈቅዶ ነበር። ፊልሙ በኋላ በቪዲዮ ካሴት ሲሸጥ ክርክር ተነሣ፤ በ1988 የአሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በቴሌቪዥን የማሳየት ፈቃድ ካሴት የመሸጥን ፈቃድ አይጨምርም ሲል ወሰነ። በአንጻሩ ሩሲያ ተወላጁ የሙዚቃ ደራሲ ኢጎር ስትራቪንስኪ በ1939 ለዋልት ዲዝኒ የሰጠው ፈቃድ፣ ሙዚቃው በፊልም ላይ በማናቸውም ዘዴና መልክ እንዲቀረጽ የሚያስችል ሰፊ ቃል የያዘ ነበር። ይህም ሙዚቃ የሚሰማበት «ፋንታዚያ» የተባለው ፊልም በ1991 በቪዲዮ ወጣ፤ በተነሣው ክርክርም በ1998 ሌላው የይግባኝ ፍርድ ቤት ፈቃዱ ቪዲዮውን እንደሚጨምር ፈረደ። ሁለቱም ዘፈንና ፊልም ናቸው፤ አንዱ ውል ግን ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ተጽፎ ነበር። የጥቂት ቃላት ልዩነት አንዱን አስከለከለ፤ ሌላውን ለትውልድ አሻገረ።

በቴሌቪዥን የዚህ ችግር ታዋቂ ምሳሌ «መፔት ሾው» ነው። ከ1976 እስከ 1981 እንግሊዝ አገር በኤልስትሪ ስቱዲዮ 120 ክፍሎች የተሠሩለት ይህ የአሻንጉሊቶች ዝግጅት ከጥግ እስከ ጥግ በታወቁ ዘፈኖች የተሞላ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ክፍሎች በ2005 በዲቪዲ ሲወጡ አንዳንዶቹ ዘፈኖች ተቆርጠው ነበር። አራተኛውና አምስተኛው ዓመት ደግሞ ለቤት መመልከቻ የቀረቡት በፌብሩዋሪ 2021 በዲዝኒ ፕላስ ነው፤ ያን ጊዜም ቢሆን ያልተካተቱ ክፍሎችና ዘፈኖች ነበሩ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የመብቱ ባለቤት እምቢ ያለበት ሳይሆን የሚታወቅበት ወረቀት የጠፋበት ጊዜ ነው። እምቢ ያለ ሰው ሊለመን፣ ሊከፈለውም ይችላል። ማንን መለመን እንደሚገባ ካልታወቀ ግን ጠንቃቃው የሕግ ክፍል የሚመክረው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «ቁረጡት» የሚል።

4. ድምፁና የሰዓቱ ልክ

እዚህ ላይ «ዘፈኑ ከተከለከለ ስለ ምን በሌላ ዘፈን አይተካም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ ቴክኒካዊ ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ዝግጅቶች በብዙዎቹ ንግግሩ፣ ሙዚቃውና ሳቁ ሁሉ በአንድ የድምፅ መስመር ላይ ተቀላቅለው ነበር የሚቀረጹት። መስመሮቹ ተነጣጥለው ካልተቀመጡ ሙዚቃውን ማውጣት ንግግሩንም ይዞ ይሄዳል። ዛሬ የተቀላቀለ ድምፅን በኮምፒዩተር ለመለየት የሚያስችሉ ዘዴዎች አሉ፤ ውጤታቸውም እያደር ተሻሽሏል። ሆኖም የአሻንጉሊቱ አፍ የሚከፈትና የሚዘጋው በአሮጌው ዘፈን ቃል ልክ፣ እግሩም የሚረግጠው በአሮጌው ዘፈን ምት ልክ ነው። ሌላ ዘፈን ቢገባ ምስሉና ድምፁ አይስማሙም፤ ስለዚህ ትዕይንቱ በሙሉ ይወጣል።

አንዳንዱ ጉድለት ደግሞ ቆራጭ እንኳ የሌለው ነው። የአሜሪካ ጣቢያዎች ከእንግሊዞቹ የበለጠ ጊዜ ለንግድ ማስታወቂያ ይመድቡ ስለ ነበር፣ የ«መፔት ሾው» አዘጋጆች ለእንግሊዝ ሥርጭት በየክፍሉ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚሆን ተጨማሪ ቁራጭ ይሠሩ ነበር። ከአሜሪካው ቅጂ የተነሣ ሰው ያን ቁራጭ አያገኘውም። በተቃራኒው ደግሞ የድጋሚ ሥርጭት የሚገዙ ጣቢያዎች ማስታወቂያ ለማስገባት ዝግጅቱን ያሳጥሩ ስለ ነበር፣ የተረፈው ቅጂ ያጠረው ብቻ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የአሜሪካው ሥርዓት 525 መስመርና በሴኮንድ 60 ያህል ግማሽ ምስል፣ የአውሮፓው 625 መስመርና 50 ግማሽ ምስል በመሆናቸው ከአንዱ ወደ ሌላው የተገለበጠ ቅጂ ጥራቱ ይጓደላል፤ ሙሉው ነገር ግን የሚገኘው በዚያው በተጓደለው ቅጂ ላይ ሊሆን ይችላል። ሙሉነትንና ጥራትን የሚያመዛዝነው ባለሙያ ምርጫው ቀላል አይደለም።

5. ጤንነትና የዘመን አመለካከት

ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል የሚደረገውም ቁረጣ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። በዲሴምበር 16 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ «ፖኬሞን» ከተባለው የሥዕል ፊልም አንድ ክፍል ሲተላለፍ፣ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሴኮንድ 12 ጊዜ ያህል እየተፈራረቀ ብልጭ ያለበት ትዕይንት ነበር። በዚያ ምሽት 685 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሐኪም ቤት ተወሰዱ። ያ ክፍል ዳግመኛ አልተላለፈም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ አሳብ ውስጥም የሰፈረው ልክ ብልጭታው በሴኮንድ ከሦስት ጊዜ እንዳይበልጥ የሚመክር ነው። ይህ ልክ ከመታወቁ በፊት የተሠሩ ትዕይንቶች ዛሬ በመሣሪያ ሲፈተኑ የሚወድቁ ቢኖሩ አያስገርምም፤ እዚህ ላይ መቀሱ ትክክለኛ ሥራውን ሠራ።

የአመለካከት ለውጥም የራሱን ድርሻ ይዟል። በ«ሰሰሚ ስትሪት» ብስኩት በላው አሻንጉሊት የሥነ ጽሑፍ ተንታኝ መስሎ ሲቀርብ ፒፓ ይይዝ ነበር፤ በመጨረሻም ፒፓውን ራሱን ይበላዋል። አዘጋጆቹ በኋላ ይህ ለሕፃናት መጥፎ አርአያ ነው በማለት ፒፓውን አስቀርተዋል። በፌብሩዋሪ 10 ቀን 1976 ደግሞ ተዋናይቷ ማርጋሬት ሃሚልተን በ1939 ፊልም የተጫወተችውን የጠንቋይዋን ሚና ይዛ የቀረበችበት ክፍል፣ ልጆች ፈሩ የሚል የወላጆች ደብዳቤ ስለ ጎረፈ ዳግመኛ አልተላለፈም፤ ቅጂው በኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ሰፊ ሕዝብ ያየው በ2022 ነው። በ2006 የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍሎች በዲቪዲ ሲታተሙም ለአዋቂዎች የታሰቡ መሆናቸውን የሚገልጽ ማሳሰቢያ ተደርጎባቸዋል። ከቁረጣና ከማሳሰቢያ ሁለተኛው የተሻለ መንገድ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ማሳሰቢያ ለወላጅ የመወሰን መብት ይሰጣል፤ ድብቅ ቁረጣ ግን የሚወሰን ነገር መኖሩን እንኳ ይሰውራል።

6. ሒሳቡ

እነዚህ ሁሉ ምክንያቶች በመጨረሻ የሚገናኙት በሒሳብ ሠንጠረዥ ላይ ነው። የስትሪሚንግ ድርጅት ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከወርኃዊ ክፍያ ነው። ለ40 ሴኮንድ ዘፈን ባለመብት አፈላልጎ፣ ተደራድሮና ከፍሎ ቁራጩን ማስገባት ስንት ደንበኛ እንደሚያመጣ ማስላት አይቻልም፤ ወጪው ግን በግልጽ ይታወቃል። ስለዚህ ሚዛኑ ሁልጊዜ ወደ መቁረጥ ያጋድላል። ሙሉ ክፍሎችም ከዚህ አያመልጡም፤ በኦገስት 2022 ኤች.ቢ.ኦ. ማክስ ወጪ በሚቀነስበት ወቅት ወደ 200 የሚጠጉ የ«ሰሰሚ ስትሪት» ክፍሎችን ከዝርዝሩ አውጥቷል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የንግድ ማሠራጫ ሱቅ እንጂ ማኅደር አይደለም፤ ከሱቅ መደርደሪያ ላይ ዕቃ ቢነሣ ነጋዴው አይወቀስም። መጋዘኑን መጠበቅ ግን የሌላ አካል ግዴታ ነው። በ2019 የ«ሰሰሚ ስትሪት» ባለቤት የሆነው ድርጅት ወደ 4,500 የሚጠጉ ክፍሎችን ለአሜሪካ የሕዝብ ሥርጭት ማኅደርና ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንዲቀመጡ መስጠቱ በዚህ ረገድ የሚመሰገን ነው።

7. ለባለሙያው የቀረው ሥራ

ከዚህ ሁሉ ለቴክኒክ ባለሙያው አራት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛ፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ ጋር የማይለይ መዝገብ ሊቀመጥ ይገባል። በመዝገቡም የእያንዳንዱ ቁራጭ መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ ደራሲው፣ ተጫዋቹ፣ የሙዚቃው ባለቤት፣ እንዲሁም ፈቃዱ ለየትኛው አገር፣ ለስንት ዓመትና ለየትኛው የሥርጭት ዘዴ እንደ ተሰጠ መስፈር አለበት።

ሁለተኛ፣ ንግግር፣ ሙዚቃና ሌላው ድምፅ በየመስመራቸው ተነጣጥለው ይቀመጡ። ይህ በዛሬው ዲጂታል አሠራር እጅግ ርካሽ ነው።

ሦስተኛ፣ ዋናው ቅጂ በምንም ምክንያት አይነካ። በአሁኑ ጊዜ በሥራ ላይ የሚገኙት የዲጂታል ማስተር ደንቦች ለየአገሩና ለየጊዜው የሚስማማውን እትም ዋናውን ሳይነኩ፣ የትኛው ደቂቃ እንዲጫወትና የትኛው እንዲታለፍ በሚያዝ ዝርዝር ብቻ ለማዘጋጀት ያስችላሉ። ክልከላው ሲነሣ ዝርዝሩ ይለወጣል፤ ቁራጩም ወደ ቦታው ይመለሳል።

አራተኛ፣ የተቆረጠ ነገር ካለ ይነገር። አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ከጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. ወዲህ ያደጉ ልጆች የአባባ ተስፋዬ ሣህሉን ተረት ያስታውሳሉ። ተረቱ የሕዝብ ነው፤ ተራኪው ያቀረበበት ጥበብና የጣቢያው ቀረጻ ግን የየራሳቸው መብት አላቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የከዋኞችንም ሆነ የብሮድካስት ድርጅቶችን መብት አውቋል። እንግዲህ አሮጌ ቴፕ ወደ ዲጂታል በሚገለበጥበት በማንኛውም ስቱዲዮ ውስጥ፣ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ምስሉን ብቻ ገልብጦ በካርቶኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈውን ስም ከጣለው፣ ከ30 ዓመት በኋላ የሚመጣው መቀስ ያን ቀን ተስሏል ማለት ነው።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው የአበው አነጋገር ለምስልና ለድምፅም ይሠራል። ምስሉ ተቀርጾ የማን እንደ ሆነ ካልተጻፈ ውርሱ ግማሽ ነው፤ ግማሽ ውርስም አከራካሪ ስለ ሆነ ወራሹ ከመቀበል ይልቅ መተውን ይመርጣል። አንድ ገጽ መዝገብ መሙላት የአንድ ባለሙያ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። በዚያች ሩብ ሰዓት አንድ ዘፈን፣ ከዘፈኑም ጋር የአንድ ትውልድ ልጅነት ሳይቆረጥ ሊተላለፍ ይችላል።